ቁሓ ላይ ያነሳሁት ጽዋ

እናንተ የሐዋሳ የማርያም ማኅበር እኅቶቼ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ እያቆማችሁ ስለ መቀሌ መንገድ ስትጠይቁኝ ግማሹን አውርቼ ግማሹ ይቀራል። አንዷ «ሥዕለ ማርያምሽ የት ሄደች?» ትለኛለች፤ ሌላዋ «የስፌት ማሽንሽ ምነው በጆንያ ተጠቀለለ?» ትለኛለች። ብዙዎቻችሁ ልጅና ሥራ ይዟችሁ ወደዚያ አገር እንደማትሄዱም አውቃለሁ። ስለዚህ እመቤቴ ከረዳችኝ ነገሩን ከመነሻው ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

አብረውኝ የሚኖሩትን ለታይንና ባሏን መሰለን ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቁት ያህል፣ ለታይ የመቀሌ ልጅ ናት፤ ጸጉር ትሠራለች። መሰለ የወሊሶ ልጅ ነው፤ ምግብ አብሳይ። የትኛውም ከተማ ቢገባ በሳምንቱ ሥራ ያገኛል፣ በዓመቱ ይሰለቸዋል። እኔ ባሌ ካረፈ በኋላ ከመንዝ ወጥቼ አዳማ ስገባ የተከራየሁት ክፍል ከእነሱ ክፍል ጎን ነበር። ከዚያ ወዲህ እነሱ ሲነሱ እኔም ማሽኔን አሸክሜ እነሳለሁ። ድሬዳዋ ሄድን፣ ጅማ ሄድን፣ እዚህ መጣን። ደስታ ሁልጊዜ ቀጥሎ በምንሄድበት ከተማ ነበረች። ድሬዳዋ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለን፤ ጅማ ዝናቡ። ሐዋሳን ደግሞ መሰለ፣ «ሐይቁን ስታየው ሰው ሁሉ እየተዝናና አንተ ብቻ የምትሠራ ይመስልሃል» ብሎ ጠላት።

አዳማ ላይ የተነጋገርነው ሕግ አለን፦ ሦስታችንም ካልወደድነው ማናችንም አንቀርም። እኔ «አልወደድኩትም» ብዬ አላውቅም። «ልቅር» ብዬም አላውቅም። ብቻዬን መሆን ያስፈራኛል። «ወርቅነሽ፣ አንቺም ተራ ያዢ» ስትሉኝ «በሚቀጥለው» እያልኩ ጽዋችሁን ሳላነሳ የኖርኩትም ለዚህ ነው። ነገ ጥዬው በምሄደው ከተማ የእመቤቴን አደራ መቀበል ፈራሁ። ጽዋውን ከደጋሿ ቤት ወደ ተቀባይዋ ቤት መሸከሙን ግን፣ ለእንግዳ በረከት ነው እያላችሁ ለእኔ ትሰጡኝ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በጥቅምት የለታይ አክስት መቀሌ አጠገብ ካለችው ከቁሓ ደወሉ። የለታይ እናት ኣደይ ብርኽቲ፣ «እማማ» እንደማለት ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ስልክ ተቋርጦ ሳለ ነው ያረፉት፤ መርዶው ጅማ ሳለን በጣም ዘግይቶ ደረሰን። ለታይ ከዚያ ወዲህ እናቷን በስም አንስታ አታውቅም። አሁን አክስቷ «ነይ» አሏት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እንሂድ በቃ» አለች። «ምናልባት የምንፈልገው እዚያ ይሆናል።»

መሰለ ከዚያ በፊት ሻንጣውን ማውረድ ጀምሯል።

ሰኞ፣ አገሩን እስክናይ ብዬ ማሽኔንና ከባዱን ዕቃ ቤት ትቼ፣ ሐዋሳን ለቀቅን። እስከ አዳማ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። የድሮ አከራያችን እዚያው ናቸው፤ በሩን ከፍተው ሲያዩን «ደግሞ ወዴት ነው?» ነበር ያሉን፣ ሰላምታም ሳይቀድም። እግራችንን አስታጠቡን፣ አበሉን፣ የድሮ ክፍሌ ውስጥ ለተከራዩት ልጆች «ይቺ ሴት እዚህ በነበረች ጊዜ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር አልመታችም» ብለው አስተዋወቁኝ። ለምስጋና ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሳስበው አደርኩ። እውነትም ሥዕለ ማርያምን በየቤቱ ከሻንጣ አውጥቼ በነጠላ እንደተጠቀለለች ሣጥን ላይ አስደግፋታለሁ እንጂ ሰቅያት አላውቅም።

ማክሰኞ አውቶቡሱ በአፋር በኩል ይዞን ሄደ። አዋሽን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ገዋኔ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ ከጎማው ጋር ሲታገሉ እኛ ጥላ ፍለጋ ብንዞር አንዲት የሰሌን ጎጆ ብቻ አለች። ባለቤቲቱ አፋር ናት፤ አማርኛዋ ጥቂት፣ የእኛ አፋርኛ ጭራሽ የለም። በእጇ ጠርታ አስገባችን፣ የራሷን ምንጣፍ ለቀቀችልን፣ የፍየል ወተት በቅል ሰጠችን። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ቅሉን የሚያጥኑት ይመስለኛል፣ በእኛ መንዝ እርጎ መናጫው እንደሚታጠነው። ቀኑ ጾም ስላልነበር አማትቤ ጠጣሁ። ለታይ የሻሽ መያዣዋን ፈትታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ በትንሿ ልጇ ጸጉር ላይ አሰረችውና አየችው፣ ሳቀች።

ሎጊያ የደረስነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። እዚያ አልጋው ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ነው የሚዘረጋው፤ ሐዋሳ ብርድ ልብስ የምንጨምርበት ሰዓት እዚያ ሰው አንሶላ ይገፋል። እራት ቤቱ ወጡ ሲዘገይ መሰለ ሊጠይቅ ወደ ማድ ቤት ገባ፤ ሲወጣ ሽርጥ ታጥቋል። ባለቤቱ ከኋላው መጣና፣ የልጁ እናት መስዬው፣ «ይሄን ልጅ ጥለሽልኝ ሂጂ» አለኝ።

«ሚስቱን ጠይቅ» አልኩት።

ለታይ፣ «ሲመለስ ውሰደው፤ አሁን ለእናቴ አገር ላሳየው ነው» አለች። «እናቴ» ስትል በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ሰማኋት።

ረቡዕ ከአብዓላ ሽቅብ ስንወጣ አየሩ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ከምድጃ ወጥተን ደጋ ገባን፤ ነጠላዬን ደረብኩ፣ የመንዝ ንፋስ ትዝ አለኝ። ቁሓ ስንደርስ በመጀመሪያ ያየሁት ድንጋይ ነው። አጥሩ ድንጋይ፣ ቤቱ ድንጋይ፣ በረቱም ድንጋይ። እኛ ጋ ቤት ጭቃና እንጨት ስለሆነ ቢሰለቹት ይፈርሳል። እዚያ ግን ቤት የሚሠሩት ላይለቁት ይመስላል።

የለታይ አክስት ኣደይ ለምለም በር ላይ ቆመው ነበር። ለታይን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አለቀቋትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንኳዕ ደሓን መጻእኪ፣ ጓለይ» አሉኝ። «ልጄ» ማለታቸው ነው፣ ዕድሜያችን ብዙ ባይራራቅም። «ከመንገድ የመጣ ሰው አይቆምም። ግቢ፣ ቤትሽ ነው።»

ሕምባሻ በሽሮ አቀረቡልን። መሰለ ሕምባሻውን ገለባብጦ ከሥሩ እንዴት እንዳልተቃጠለ ሲመረምር ኣደይ ለምለም፣ «ምነው፣ ቅማል አለው?» አሉት። ከዚያ ጀምሮ ተግባቡ።

ያሳደሩን በኣደይ ብርኽቲ ቤት ነው። ካረፉ ወዲህ እየተጠረገ ተዘግቶ ይከረማል። በድንጋዩ ግድግዳ መሐል ግንበኛው የተወው መስኮት የሚያህል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ባዶ ነው። ጣቴን ሳስገባበት ኣደይ ለምለም አዩኝ።

«ሥዕሏ እዚያ ነበረች» አሉ። «ለቤተ ክርስቲያን ሰጠኋት። ቤት ሰው ከሌለው ለማን ትቀመጣለች?»

ለታይ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። በርሜሉ ግን ሙሉ ነበር።

ሐሙስ መቀሌን ልናይ ነበር ሐሳባችን፤ መሰለ ግን በሆድ ቁርጠት ተነሳ። መንገድ ላይ የበላው ነው። ባጃጅ ተሳፍረን መቀሌ፣ ዓይደር ሰፈር ወደሚገኝ መድኃኒት ቤት ሄድን። ባለባጃጁ አዛውንት ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ «ምን በልተህ ነው?» «ማን አበሰለው?» እያሉ ጠየቁት። አብሳይ መሆኑን ሲሰሙ ባጃጁን አቁመው ሳቁ። «አብሳይ ሆነህ የሰው እጅ በላህ?» አሉት። መድኃኒቱን ገዝተን እስክንወጣ በር ላይ ጠበቁን። መሰለ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እትዬ ወርቄ፣ ከዚህ ከተማ የማስታውሰው ሆዴን ነው» አለኝ። ዕለቱን ተኝቶ ዋለ፤ መቀሌን ያየሁት በባጃጅ መጋረጃ ቀዳዳ ነው ብላችሁ እመኑኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የኣደይ ለምለም የቀሚስ ጠርዝ ተተርትሮ አይቼ መቀሴን አወጣሁና በእጄ ሰፋሁላቸው። ጎረቤታቸው አየች። ቀጥላ የራሷን ይዛ መጣች፣ ሌላዋም የልጇን ዩኒፎርም። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ አገር ለቅቆ ሄዶ ኖሯል። አመሻሹ ላይ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ሴቶቹ በትግርኛ ይጫወታሉ፤ ጥቂት ጥቂቱ ይገባኛል፣ ሲስቁ እስቃለሁ። የውኃ ተራ ሲደርስ አንዷ ጀሪካኔን ከፊት አስቀደመችልኝ። በሄድንበት ከተማ ሁሉ ሥራ አግኝቻለሁ። እዚህ ግን ማንም «እስከ መቼ ነሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ዓርብ ለታይ ወደ ከተማው ይዛኝ ወጣች። ገበያ አሳየችኝ፣ ጸጉር መሥራት የተማረችበትን ቤት አሳየችኝ፤ አሁን ሌላ ሱቅ ሆኗል። በየመንገዱ ሰው ያስቆማታል። «የብርኽቲ ልጅ አይደለሽም? መልክሽ ቁርጥ እሷን» ይሏታል፤ ፊቷን ይዘው ይስማሉ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ስትስማት ለታይ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው ሰጠች። ከዚያ በቃላሚኖ ትምህርት ቤት በኩል ካልሄድን አለች።

«እናቴ እዚህ ትማሪያለሽ ትለኝ ነበር» አለችኝ ቃላሚኖ ስንደርስ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር እያየች። «ፈተናውን ወደቅኩ። እሷ ምንም አላለችም፤ ምሳዬን አቀረበች በቃ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። በዚያ ዓመት ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ለእሱ ነው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ከወጣሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

ንፋሱ አቧራ አነሳ። ነጠላዬን አካፈልኳትና ወረድን።

ቅዳሜ የማርያም ዕለት ዋለ። የኣደይ ብርኽቲ ማኅበርተኞች በኣደይ ለምለም ቤት ተሰበሰቡ። እንደ እኛው ነው፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦው ይባረካል፣ ጠላው ይዞራል፤ እነሱ ስዋ ይሉታል። ስዋው ወፍራም ነው፣ እንደ እኛ ጠላ አይጠልልም። መሰለ ሆዱን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ አጥሚት ይጠጣል። የማኅበሩ ቄስ ሲጨርሱ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ኣደይ ለምለም አምጥተው በርጩማ ላይ አኖሩት፤ በርጩማው ከለታይ ፊት ነበር። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ።

እንግዲህ በእኛ ማኅበር ደጋሿ ለተቀባይዋ በእጇ ታቀብላለች፤ እኔ እስከ ቤቷ እሸከምላታለሁ። እዚያ ማንም ለማንም አያቀብልም። ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው የእመቤቴ ጽዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጠበቁን፣ የለታይ እጆች ከጉልበቷ ላይ አለመነሳታቸውን፣ ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ መትከላቸውን ነው። የሚያነሳው ጠፋ። ደከማት መሰለኝ። ወደሚቀጥለው ቤት ልሸከምላት ብዬ ተነሳሁና ጽዋውን አነሳሁ።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ኣደይ ለምለም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ለታይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቅኩም፤ ሁለቱንም አደረገች።

ቄሱ እስኪረጋጋ ጠበቁና በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያነሳሽው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ልሸከምላት ነው፣ አባ።»

«እዚህ ሸክም የለም። አደራ በፈቃድ ነው ብለን አስቀምጠን እንጠብቃለን። ያነሳ ሰው ለሚቀጥለው ማርያም ይደግሳል፣ በቦታውም ይገባል። ይህ የእኅታችን የብርኽቲ ቦታ ነው። ካረፈች ወዲህ ለልጇ አቆይተነው ነበር።»

ለታይ ለምን እንደተጠራች ያኔ ገባኝ።

«እንግዳ ነሽ» አሉ ቄሱ። «ብታስቀምጪው ማንም አይቀየምሽም።»

ጎንበስ ብዬ ላስቀምጠው ሞከርኩ። በርጩማው አጠገብ ደርሼ መልሼ ቀና አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ከደጅ እስከ ደጅ ተሸክሜ ያስረከብኩት ጽዋ ያን ቀን ብቻ ከበደኝ።

«አባ፣ እስከ ነገ ልያዘው?»

«እስከ ነገ የሚባል ጽዋ የለም» አሉና ፈገግ አሉ። «ግን ነገ ቅዳሴ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ንገሪኝ።»

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን መጥተን ከቤቱ ፊት ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። የመሰለ ፊት ወደ ቀለሙ ተመልሶ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«ሎጊያ ያለው ሰውዬ ደውሏል። ማድ ቤቱን በሙሉ ልስጥህ ይላል።» ሚስቱን አየ። «ለታይ እሺ ብላለች።»

«እዚህ መኖር አልችልም» አለች ለታይ። «ሰው እኔን ሲያይ የሚያየው እሷን ነው። ቀኑን ሙሉ መርዶ የሚነገረኝ ይመስለኛል። ትናንት ጽዋው ፊቴ ሲቀመጥ በሩን ነበር የማየው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሕጋችንን ታውቂያለሽ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ሳላዛንፍ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ አስቀምጪውና እንሂድ።»

 በእውነት እላችኋለሁ፣ ልቤ ሁለት ነበር። ከእነሱ በቀር ሰው የለኝም። ስታመም ሾርባ የሚሠራልኝ መሰለ ነው፤ ጸጉሬን የሚያውቀው የለታይ እጅ ነው። ሦስታችን በየከተማው ስንዞር የኖርነው ደስታን ፍለጋ ነው እንል ነበር። እኔ ግን ቅዳሜ ጽዋውን ይዤ ስቆም ያገኘሁት ደስታ ነው ማለት አልችልም፤ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። ተራ ነው ያገኘሁት። ባልገኝ ሰው የሚጠብቀኝ ቀን ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

«እኔ እቀራለሁ» አልኩ።

ለታይ ትኩር ብላ አየችኝ። «አገሬን ወስደሽ እኔን ልታሰናብቺኝ ነው?»

«ተውሼው ነው» አልኳት። «ስትመጪ ትወስጂዋለሽ።»

«የእናቴንም ቦታ?»

«ቦታውን እንዳይቀዘቅዝ ልቀመጥበት ነው።»

ተነስታ ግቢውን ተሻገረች። ኣደይ ለምለም ከበራቸው ላይ ሆነው ሁሉን ይሰሙ ኖሮ መንገድ ለቀቁላት፤ ተከትለዋት ገቡ። መሰለ መደቡን በጣቱ እየጫረ ቀረ።

«ትቆጣለች፣ ከዚያ ይበርድላታል» አለ። «እኔ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ሦስት ሆነን ስንፈልግ የኖርነውን አንዳችን ካገኘች ሕጉ ፈረሰ አይባልም። ሠራ እንጂ።» ትንሽ ቆይቶም፣ «ሽሮሽን ግን ከአሁን ወዲያ ማን እንደሚያጣፍጥልሽ እንጃ» አለ።

አመሻሽ ላይ ለቄሱ ነገርኳቸው። ስመለስ ለታይ በእናቷ ቤት ሻንጣዬን ከፍታ፣ ሥዕለ ማርያምን ከነጠላዋ ፈትታ ግድግዳው ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ቦታ አስገብታለች። ልክ አልሆነችም፤ በአንድ በኩል ትንሽ ትተርፋለች። አላነሳኋትም። እኅቶቼ፣ ሥዕሏ የት እንደሄደች ስትጠይቁኝ የነበረው ይኸው ነው።

ሰኞ ማሽኔንና ዕቃዬን ላመጣ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ሎጊያ ስንደርስ እነሱ ወረዱ፤ እኔም እዚያው አደርኩ። መሰለ ሻንጣውን አስቀምጦ እንኳ ሳይጨርስ ሽርጡን ታጠቀ። ለታይና እኔ ከግቢው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከእሑድ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ብዙ አልተነጋገርንም ነበር።

«ስዋ መጥመቅ ትችያለሽ?» አለችኝ በድንገት።

«የእኛን ጠላ እችላለሁ።»

«እሱ ውኃ ነው። ይስቁብሻል።» ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ጀመረች። እናቷ ዳጉሳውን ራሷ እንደምታበጥር፣ ለሌላ እጅ እንደማትሰጥ፣ ጌሾውን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ላይ እንደምታደርቅ፣ እንስራውን በወይራ ስታጥን ልጆቹን ከቤት አስወጥታ በሩን እንደምትዘጋ፤ ለታይ ግን በቀዳዳ ታያት እንደነበር። «ስታጥን ታንጎራጉራለች። ሰው የሚሰማት አይመስላትም።» ከዓመታት ዝምታ በኋላ እናቷን ስትተርክልኝ ጀንበሯ ጠለቀች። እኔ መሐል አልገባሁም። መሰለ ምግብ ይዞ መጥቶ ቆመና፣ ሰምቶ፣ ሳህኑን እንደያዘ ተመለሰ።

ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ስወጣ፣ «ከተበላሸብሽ ደውዪልኝ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ፣ «ካልተበላሸብሽም» አለች።

ይኸው አሁን ሐዋሳ ነኝ፤ ዕቃዬን እየሸከፍኩ። የእናንተን ጽዋ ሳላነሳ የሌላ አገር ጽዋ አነሳሁ ብላችሁ አትቀየሙኝ። መሸከሙን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ በጸሎታችሁ አስቡኝ። ይህን ስጽፍ ለታይ ደወለች።

«ጌሾ ገዛሽ?»

«ነገ ገበያ ልወጣ ነው።»

«የሐዋሳ ጌሾ እንዳትገዢ። እናቴ የምትገዛበትን ቤት አውቀዋለሁ። በሎጊያ ስታልፊ እሳፈራለሁ፤ አሳይሻለሁ።»

«መሰለስ?»

«ድስቱን እያጠበ ነው። የቁሓውን ድስት አያምነውም፤ ይዞት ሊመጣ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለበዓሉ ብቻ ነው፣ እትዬ» አለች።

«እሺ» አልኳት።

«ለበዓሉ ብቻ» ብላ ደገመችው። እኔም ስልኩን አስቀምጬ ማሽኑን በገመድ ማሰሬን ቀጠልኩ።